ዘግተህ ውጣ

ኢሎይሎ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ጣሪያው ዝናብ ሲነካው እንደ ሕፃን የሚያነባ
አንድ ቤት አለ፤ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ረድፍ፤
ጠባቂዋም ጠራጊዋም እኔ ነኝ፣ ሌሊቱ እስኪያልፍ።
አንድ ፔሶ ሲጎርስ ማሽኑ
አምስት ደቂቃ ይተፋል፤ እንዲህ ተመንዝሮ ያልቃል ቀኑ።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት በሸሚዛቸው ይመጣሉ፤
ዘንዶ ይጥላሉ፤
«ማናንግ፣ ዘርዝሪልኝ!» ይላሉ።
ሳንቲሙ ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠቁራል፤
እነሱ ይሄዳሉ፤ ስማቸው ግን እዚያው ይቀራል፣
ጨለማ ሁሉ የተዘጋ በር መስሏቸው።
እኔም መጥረጊያዬን አስደግፌ አንዲት ፔሶ ሳጎርሰው
ስክሪኑ ቦግ ይላል፤ ወርቁ የሰው፣ ፈረሱ የሰው።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል።
የእኔም ጥርጣሬ ከዚያው ይወለዳል።

አምና፣ የቤቴ መብራት ሊቆረጥ ቀን ሲቆረጥለት፣
የጁንሬልን ቀስተኛ ሸጥኩት።
አራት ዓመት ያሳደገውን። ሬናንቴ ብሎ በታላቅ ወንድሙ የጠራው፣
ያ ጭነት መርከብ ላይ ያለው፣ ደመወዝ ከባሕር ማዶ የጠራው።
አብረው ያድኑ ነበር፤ አንዱ ከዚህ ወንበር፣ አንዱ ከመርከብ፣
ኔትወርክ በተገኘ ወደብ።
የገዛኝን ሰው ፊቱን አላየሁም፤
ሁለት ሺህ ፔሶ ላከ። መብራቴ አልተቆረጠም።

በማግስቱ ጁንሬል መጣ። ሳንቲሙን አስገባ።
ይለፍ ቃሉን ጻፈ። «ስሕተት።» ደግሞ ጻፈ። «ስሕተት።»
አልጮኸ፣ አላነባ።
ወደ እኔ ዞረና፣ «ማናንግ፣ ተሰርቄ ነው ወይስ እኔ ነኝ የረሳሁት?»
«ረስተኸው ይሆናል» አልኩት።
ከሰረቅሁት ሁሉ የከፋውን ያኔ ነው የሰረቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ለፍላፊ ሆንኩ። «ለፍላፊዋ» ይሉኛል፤ ግድ የለም፤
ሳልጠይቅ ሳንቲም አልዘረዝርም፦

«መውጫውን ተጭነሃል? ወይስ ስክሪኑ ስለጠቆረ ብቻ ተነሣህ?
ይለፍ ቃልህስ? አትንገረኝ! ለማንም፤ በተለይ ለእኔ፤ አደራህ።
የእናትህ ስም ከልደት ዓመትህ ጋር ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤
ዶሮ፣ ጃንጥላ፣ ኮምጣጤ፣ ማክሰኞ፤ እንዲህ ያለ የማይገናኝ ይሻላል።
ደግሞ ያንኑ ለኢሜይልህ አትድገመው፤
አንድ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ለምን ሁሉም በሩ ይከፈትበት? ማን ፈረደው?
ስልክህ ላይ የሚመጣውን ስድስት ቁጥር ለጓደኛ አታንብብ፤
«ነፃ አልማዝ፣ ይህን ጫን» ሲሉህ ደግሞ አጎትህን አስብ፤
አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመደውን። ለዓሣ መቼ ነው ነፃ ምሳ የሚቀርብለት?
መንጠቆ ሲኖርበት።»

ሰባተኛው ማሽን ውስጥ አንድ ሰላይ ፕሮግራም ያዝኩ፤
የልጆቹን ጣት እየተከተለ ፊደል ሲለቅም ነበር፤ ነቀልኩ።
ባለቤቱ፣ «አፕዴት ማድረግ ጊዜ ይበላል» አለኝ ተቆጥቶ።
ይብላ! ሳንቲም ይበላ የለ፣ ዕድሜ ይበላ የለ፣ ሳይጠግብ ነግቶ።

ትናንት ጁንሬል ተመልሶ መጣ።
አዲስ ቀስተኛ ጀመረ፤ ደረጃ አንድ፤ ቀስቱ እንጨት፣ ልብሱ የነጣ።
ስሙን አላየሁም።
«ማናንግ፣ ፊትሽን አዙሪልኝ» አለ። ያውቅ ይሆን? አልጠየቅሁም።
ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ ጌኮው ወዳለበት፤
ጣቱ ሃያ ሁለት ጊዜ ቀጭ ሲል ቆጠርኩለት።

በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ዘጠኝ መቶ አርባ ፔሶ አለኝ፤
ሁለት ሺህ ሲሞላ ምን ብዬ እንደምሰጠው ግን ጨነቀኝ።

ሲሄድ ጠበቅሁ። አንዲት ፔሶ አጎረስኩት።
ስክሪኑ በራ። ባዶ ሳጥን፣ ብልጭ ድርግም የሚል ጭረት፤
ማን ነሽ? ይለኛል።
መጥረጊያዬን አነሣሁ። ዝናቡ ጀምሯል።